የባሕር ዋቅላሚና የማሳ ተባይ፦ «አረንጓዴ» ናኖ ቅንጣት ምን ያህል አረንጓዴ ነው?

የሰው ልጅ እርሻ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ የዘራውን ብቻውን በልቶ አያውቅም። አንበጣው፣ ተምቹ፣ አገዳ ቆርቁሩ፣ ጓይ ትሉና ነቀዙ ሁልጊዜ ተካፋዮቹ ናቸው። ገበሬው እነዚህን ያልተጠሩ እንግዶች ለመከላከል አመድ ሲነሰንስ፣ ጢስ ሲያጤስ፣ በእጁ ሲለቅም ኖሯል። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 ዲዲቲ የተባለው ኬሚካል ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው ካረጋገጠ ወዲህ ግን የትግሉ መልክ ተለወጠ። ሙለር ለዚህ ግኝቱ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ በኋላ 14 ዓመታት ብቻ ቆይቶ፣ በ1962፣ አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬቸል ካርሰን ባሳተመችው መጽሐፍ የዚሁ ኬሚካል ሌላ ገጽታ ለዓለም ታወቀ፤ ዲዲቲ በቀላሉ የማይፈራርስ፣ በእንስሳት ስብ ውስጥ የሚጠራቀም፣ ከነፍሳት ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ አዕዋፍ የሚሸጋገር ነው። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም አጠቃቀሙን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን በመከላከል ላይ ብቻ ወሰነው።

በአገራችንም የዚህ ታሪክ ምዕራፍ አለ። ለብዙ ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ መርዝ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ እየተሰበሰበ፣ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ወደ ፊንላንድ ተጓጉዞ በከፍተኛ ሙቀት እንዲቃጠል ተደርጓል። ትንሽ ነፍሳትን ለመግደል የተሠራው ነገር ባሕር ተሻግሮ ካልተቃጠለ በስተቀር የማይወገድ ሸክም ሆኖ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል ተባዩ አልጠፋም። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በ2016 የታየው መጤ ተምች በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ የበቆሎ ማሳዎችን ወሯል። ስለዚህ ገበሬውን «መርዝ አትርጭ» ብሎ ብቻ መተው አይቻልም፤ በምትኩ ምን እንደሚይዝ ሊነገረው ይገባል።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ተመራማሪዎች ካቀረቧቸው መልሶች አንዱ ከባሕር ዋቅላሚ የሚዘጋጁ ናኖ ቅንጣቶች ናቸው። ዋቅላሚ በተለምዶ አልጌ የምንለው ሲሆን፣ በባሕር ዳርቻ ዐለቶች ላይ ተጣብቀው ወይም በውኃ ላይ ተንሳፈው የሚያድጉት ትላልቆቹ ዓይነቶች በቀለማቸው ቡናማ፣ ቀይና አረንጓዴ ተብለው ይከፈላሉ። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ቅንጣቶች እንዴት እንደሚሠሩና ተባይን እንዴት እንደሚጎዱ እንመለከታለን፤ ከዚያም «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ስም በእርግጥ የሚገባቸው መሆን አለመሆኑን እንመረምራለን።

ትንሽነት ለምን ኃይል ይሆናል?

ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ከ50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ናኖ ቅንጣት የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆነውን ነው።

አንድ ነገር ሲያንስ ምን ይለወጣል? መልሱን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ እንውሰድ። ስድስት ገጾች ስላሉት የገጹ ጠቅላላ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይህን ኩብ ምንም ሳንጨምርና ሳንቀንስ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆነ ደቃቅ ኩቦች ብንቆራርጠው የገጾቹ ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም ከአንድ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይበልጣል። የቁሱ መጠን አልተለወጠም፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ገጽ ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሰፍቷል። ኬሚካዊ ለውጥ የሚካሄደው በገጽ ላይ በመሆኑ፣ በትልቁ ኩብ ውስጥ ተቀብረው ሥራ ፈትተው የነበሩ አቶሞች አሁን ደጅ ወጥተዋል ማለት ነው።

ትንሽነት ቀለምንም ይለውጣል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1857 ባቀረበው ጥናት ወርቅ እጅግ ደቅቆ በውኃ ውስጥ ሲበተን ቢጫ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ሆኖ እንደሚታይ አሳይቷል። ምክንያቱ በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲያርፍባቸው በአንድነት መወዛወዛቸው ነው። ለወርቅ ቅንጣት ይህ ውዝዋዜ የሚያይለው 520 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ሲሆን፣ ለብር ግን 400 ናኖሜትርን ትንሽ አለፍ ባለው ላይ ነው። በዚህም የተነሣ የብር ናኖ ቅንጣቶች ያሉበት ውኃ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል። ይህ ዕውቀት ቀጥሎ ለምናየው ሥራ ዋና መሣሪያ ነው።

ብርና ወርቅ በዋቅላሚ ጭማቂ

አሠራሩ ለመግለጽ ቀላል ነው። ዋቅላሚው ታጥቦ ይደርቃል፤ ተፈጭቶ በውኃ ይቀቀላል፤ ከዚያም ይጠለላል። በተገኘው ጭማቂ ላይ የሲልቨር ናይትሬት ሟሚት ሲጨመርበት ፈሳሹ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይለወጣል። የቀለሙ መለወጥ የብር ናኖ ቅንጣቶች መወለዳቸውን ያበሥራል።

በጭማቂው ውስጥ የተከናወነው ነገር የሚከተለው ነው። አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው የብር አዮን ከዋቅላሚው ሞለኪውሎች፣ በተለይም ፖሊፌኖል ከሚባሉት፣ ኤሌክትሮን ይቀበልና የብር አቶም ይሆናል። አቶሞቹ እየተሰባሰቡ ቅንጣት ይሠራሉ። የዋቅላሚው ስኳሮችና ፕሮቲኖች ደግሞ ቅንጣቱን እንደ ካባ ይለብሱታል። ካባው ባይኖር ኖሮ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ትልቅ እብጥ ይሆኑና ወደ ታች ይዘቅጡ ነበር። ስለዚህ ዋቅላሚው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ኤሌክትሮን ይለግሳል፤ የተወለደውንም ቅንጣት ይጠብቃል። በቤተ ሙከራ ለዚሁ ዓላማ ከሚያገለግሉት ኬሚካሎች መካከል ሃይድራዚንን የመሰሉ መርዛማዎች ስላሉ፣ በእነርሱ ፋንታ የዋቅላሚ ጭማቂ መጠቀም «አረንጓዴ አሠራር» የሚል ስም አትርፏል።

ከቀደምቶቹ ሥራዎች አንዱ በ2007 የታተመው የህንድ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሳርጋሰም ዋይቲ ከተባለ ቡናማ ዋቅላሚ በተገኘ ጭማቂ ከ8 እስከ 12 ናኖሜትር የሚሆኑ የወርቅ ቅንጣቶችን ሠርተዋል። ከዚያ ወዲህ ወርቁ በርካሹ ብር፣ ከዚያም በዚንክ ኦክሳይድ እየተተካ መጣ፤ የምርምሩም ዓላማ ወደ ተባይ መከላከል ዞረ። በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት ሂፕኒያ ሙሲፎርሚስ በተባለ ቀይ ዋቅላሚ የተዘጋጁ የብር ቅንጣቶች በወባ ሳይሆን በዴንጊ አስተላላፊዋ ትንኝ በኤደስ ኢጂፕታይና ዳይመንድባክ በተባለው የጎመን ተባይ ላይ ተሞክረዋል።

የዚህ የጎመን ተባይ መመረጥ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳይመንድባክ እጩ የጥቅል ጎመንን ቅጠል እየበሳ የሚያበላሽ የእሳት ራት ነው። በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሙ ገና በ1953 ተመዝግቧል። ከዚያም በኋላ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተካ በየጊዜው የቀረቡለትን ብዙ ፀረ ተባዮች ለምዷል። እንዲህ ያለውን ተባይ የሚያሸንፍ አዲስ ስልት ቢገኝ ጥቅሙ ለመላው የጎመን አምራች ዓለም ይሆናል።

ቅንጣቱ ተባዩን እንዴት ይጎዳል?

እጩ ቅንጣቱ ያረፈበትን ቅጠል ሲበላ ብሩ ወደ አንጀቱ ይገባል። ከሰፊው ገጽ ላይ የብር አዮኖች ያለማቋረጥ ይለቀቃሉ። እነዚህ አዮኖች ድኝ ካለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ጋር አጥብቀው የመተሳሰር ባሕርይ አላቸው፤ በዚህም ኢንዛይሞችን ሥራ ያስፈታሉ፤ የአንጀቱን ሕዋሳትም ይጎዳሉ። እንግዲህ የብር ናኖ ቅንጣት ከሌሎች ነገሮች ይልቅ የሚመስለው አነስተኛ የአዮን ጎተራን ነው፤ ከውስጡ ጥቂት በጥቂት እየተቆነጠረ ይወጣል።

የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣትም በተመሳሳይ መንገድ የዚንክ አዮን ይለቃል። ዚንክ ለሰብልም ለሰውም በትንሽ መጠን የሚያስፈልግ ማዕድን በመሆኑ ከብር የተሻለ ዕድል አለው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ይሁን እንጂ እርሱም ከመጠን ሲያልፍ ተክልንም በአፈር ውስጥ ያሉ ደቂቅ ዘአካላትንም ይጎዳል።

የ«አረንጓዴ»ነት ሚዛን

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር መለየት ይኖርብናል። አንድ ምርት የተሠራበት መንገድ ንጹሕ መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፤ ምርቱ ከማሳ ከደረሰ በኋላ የሚያደርሰው ውጤት ሌላ ጉዳይ ነው። በዋቅላሚ ጭማቂ የተዘጋጀ ብር ያው ብር ነው። የለበሰው የስኳርና የፕሮቲን ካባ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ከሥር ያለው ብረት ግን አይበሰብስም። ብር ንጥረ ነገር ነው። ዲዲቲ እንኳ ሞለኪውል በመሆኑ ጊዜ ይፍጅ እንጂ ይፈራርሳል፤ የብርን አቶም የሚሰብር ባክቴሪያ ግን በምድር ላይ የለም።

የብር አዮን ለዓሣና በውኃ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት እጅግ መርዛማ ከሆኑት የብረት አዮኖች አንዱ ነው። ከማሳ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ የሚገባው ብር አጥፊውን እጭ ከዓሣው ጫጩት ለይቶ አያውቅም። ለሚዛናዊነት ያህል፣ ድኝ በበዛበት ረግረግና ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ብር ወደ ሲልቨር ሰልፋይድ ይለወጣል፤ ይህ ውሕድ በውኃ የማይሟሟ ስለሆነ መርዛማነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በአንዳንድ ቦታ እንጂ በሁሉም ማሳ አይደለም።

የንጽጽሩንም ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። ናኖ ቅንጣት ለመሥራት የሚያገለግሉ ነባር ኬሚካሎች ሁሉ መርዝ አይደሉም። ከ1951 ጀምሮ የታወቀው የወርቅ ቅንጣት አሠራር የሚጠቀመው ሲትሬት ከሎሚ አሲድ የሚገኝ ጨው ነው። ስለዚህ «በዋቅላሚ ስለሠራነው አረንጓዴ ነው» የሚለው ክርክር ከሃይድራዚን ጋር ሲወዳደር ያሸንፋል፤ ከሲትሬት ጋር ሲወዳደር ግን ብዙም አያራምድም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ቅንጣቱ ራሱ ከዋቅላሚ ሲሆን

ዋቅላሚን በሌላ መንገድም መጠቀም ይቻላል። በ1881 እንግሊዛዊው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ ከቡናማ ዋቅላሚ አልጂን የተባለ ዝልግልግ ነገር ማውጣት የሚቻልበትን ዘዴ አስመዘገበ። ዛሬ አልጂኔት የምንለው ይህ ነገር አይስክሬምን ለማወፈር፣ የጥርስ ሐኪሞች የጥርስን ቅርጽ ለመውሰድ፣ ቁስልን ለመሸፈን ያገለግላል። አልጂኔት ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። የካልሲየም አዮን ሲያገኝ ሁለት ሰንሰለቶች አዮኑን በመሐላቸው አቅፈው ይያያዛሉ፤ ፈሳሹም ወደ ለስላሳ ጄል ይለወጣል። ሳይንቲስቶች ይህን አደራደር በካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ እንቁላል ጋር ያመሳስሉታል።

በዚህ ጄል ውስጥ ፀረ ተባይ ተጠቅልሎ ደቃቅ እንክብል ይሠራል። እዚህ ላይ ዋቅላሚው ገዳይ አይደለም፤ ተሸካሚ ነው። ገዳዩ ለምሳሌ ከኒም ዛፍ ፍሬ የሚገኘው አዛዲራክቲን ሊሆን ይችላል። ኒም በድሬዳዋና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎቻችን በደንብ የሚታወቅ ዛፍ ነው። የአዛዲራክቲን ድክመት በፀሐይ ብርሃን ቶሎ መበላሸቱ ነው፤ ጠዋት የተረጨው ብዙ ሳይቆይ ኃይሉ ይደክማል። በእንክብል ውስጥ ሲጠለል ግን ዕድሜው ይረዝማል። ዕድሜው ከረዘመ ገበሬው ደጋግሞ መርጨት አይኖርበትም፤ የሚረጨውም መጠን ይቀንሳል። ሥራው ሲያበቃ አልጂኔቱ እንደ ማንኛውም የተክል ቅሪት በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ የሚቀረው ካልሲየም ነው፤ እርሱም ለአፈር ባዕድ አይደለም።

ትንሽ ስሌት

ታዲያ እንክብሉ በናኖ ደረጃ ቢያንስ ይሻላል? የፊዚክስ ተማሪ እዚህ ላይ እርሳሱን ማንሣት አለበት። አንድ ሞለኪውል በውኃ ውስጥ በስርጭት ሲጓዝ የሚወስድበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ውኃ በሞላው ጄል ውስጥ አንድ ትንሽ ሞለኪውል ከ1 ሚሊሜትር ርቀት ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል እንበል። ርቀቱ ወደ 100 ናኖሜትር ሲወርድ አሥር ሺህ ጊዜ አነሰ ማለት ነው፤ ጊዜው ግን መቶ ሚሊዮን ጊዜ ያጥራል። ግማሽ ሰዓት የነበረው ከአንድ ሴኮንድ 20 ሚሊዮንኛ ገደማ ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ መርዝ በናኖ እንክብል ውስጥ ቢጨመር ገና ከመርጫው ሳይወጣ ያመልጣል። ትንሽነት ብቻውን ቀስ ብሎ የመልቀቅን ችሎታ አይሰጥም፤ እንዲያውም ይነሣል። እንክብሉ መርዙን ይዞ የሚቆየው መርዙ ቅባታማ ሆኖ ውኃን የሚሸሽ ሲሆን፣ ወይም ግድግዳው በሌላ ሽፋን ሲጠናከር ነው። ለዚህም የአልጂኔትን ሰንሰለት ኔጌቲቭ ሙል ከኪቶሳን ፖዚቲቭ ሙል ጋር ማጣመር የተለመደ ዘዴ ነው። ኪቶሳን ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው በአሥረኛ ክፍል የምንማረው የኩሎም ሕግ ነው። የእንክብሉ ትንሽነት ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ይገኛል፤ ቅጠሉን በእኩል ይሸፍናል፤ በዝናብ ቶሎ አይታጠብም፤ በውኃ የማይሟሟውንም ቅባት ያለ ብዙ ማሟሟያ ኬሚካል እንዲረጭ ያስችላል።

ዋቅላሚ ያለ ምንም ናኖ ጥበብም ሰብልን ሲረዳ ታይቷል። በቡናማ ዋቅላሚ ውስጥ የሚገኘው ላሚናሪን የተባለ ስኳር ከሻጋታ ግድግዳ ጋር ስለሚመሳሰል ተክሉ «ጠላት መጣ» ብሎ የራሱን መከላከያ እንዲያነሣሣ ያደርጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ለሰብል ጥበቃ እንዲውል ፈቅዶለታል። እርግጥ ላሚናሪን በዋናነት የሚረዳው በሽታን ለመከላከል እንጂ ነፍሳትን ለመግደል አይደለም።

ዋቅላሚው ከየት ይመጣል?

የአካባቢ ጉዳይ ከማሳው ላይ ብቻ አይጀምርም። በደቡብ ህንድ በማናር ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚኖሩ ሴቶች ወደ ባሕር እየጠለቁ ሳርጋሰምንና ሌሎች ዋቅላሚዎችን በእጃቸው እየለቀሙ ይተዳደራሉ። ሰላጤው የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ነው። ለፀረ ተባይ ሲባል የዋቅላሚው ፍላጎት ቢያሻቅብ፣ ዓሣ የሚራባበት የባሕር ደን ይመናመናል፤ የለቃሚዎቹም እንጀራ አብሮ ይጎዳል።

በሌላ ቦታ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከ2011 ወዲህ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ተንሳፋፊ ሳርጋሰም ከመጠን በላይ እየበዛ የካሪቢያን ደሴቶችን ዳርቻ ያጥለቀልቃል። በሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) በሳተላይት የተለካው የሳርጋሰም ቀበቶ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 8,850 ኪሎሜትር የሚረዝም፣ ክብደቱም ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። የጣናን እምቦጭ የምናውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንቸገርም። ይህን እዳ ወደ አልጂኔት መለወጥ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ተንሳፋፊው ሳርጋሰም አርሴኒክን በብዛት ስለሚያጠራቅም ሳይመረመርና ሳይጣራ ወደ እርሻ መግባት የለበትም።

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ ዋቅላሚ ግን አላት። የጭቱና የአረንጓዴ ሐይቆች ሶዳማ ውኃ አረንጓዴ የሚሆነው ስፒሩሊና በሚባለው ደቂቅ ሕይወት ብዛት መሆኑ የታወቀ ነው። ስፒሩሊና አልጂኔት የለውም፤ ሆኖም በእርሱም የብርና የወርቅ ናኖ ቅንጣቶችን መሥራት እንደሚቻል በህንድ ታይቷል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ ተማሪዎች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሊሞከር የሚችል ነው።

ምን እንጠይቅ?

ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት በ2019 ተስፋ ከሚጣልባቸው አሥር አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መካከል የናኖ ፀረ ተባዮችን አካትቷል። ተስፋው እውነት ነው። ይሁንና ከታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ የተካሄዱት በቤተ ሙከራ፣ በትንሽ ሳሕን ውስጥ፣ ለጥቂት ቀናት ነው። ማሳ ግን ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ንብና የምድር ትል ያለበት ሰፊ ቤት ነው።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ፣ «ለአካባቢ ተስማሚ ናኖ ፀረ ተባይ» የሚል ርእስ ሲያጋጥምህ ወይም ሲያጋጥምሽ ጥቂት ጥያቄዎች ማንሣት ተገቢ ነው። ቅንጣቱ ከሥራው በኋላ ወዴት ይሄዳል? ይበሰብሳል ወይስ ይጠራቀማል? ተባዩን የገደለው መጠን ንብንና የዓሣን ጫጩት ምን አደረገ? ያንኑ የብር መጠን የያዘ ተራ ሲልቨር ናይትሬት ለንጽጽር ተሞክሯል? ይህ ካልተሞከረ የገደለው ናኖነቱ ይሁን ብሩ አይታወቅም። በመጨረሻም፣ ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ሊገዛው ይችላል?

በእነዚህ ጥያቄዎች ስንመዝነው፣ ዋቅላሚን እንደ ብረት ማቅለጫ ከሚጠቀመው መንገድ ይልቅ ዋቅላሚን ራሱን እንደ ተሸካሚ የሚጠቀመው መንገድ የተሻለ ተስፋ ያለው ይመስለኛል። ለዚህ ሙከራ የሚያስፈልገው የሶዲየም አልጂኔት ዱቄት፣ የካልሲየም ክሎራይድ ጨውና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ለመጀመሪያ ልምምድ በቂ ናቸው። አልጂኔቱን በካልሲየሙ ሟሚት ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው፤ ጠብታዎቹ ወዲያው እንክብል ሆነው ይረጋሉ። የተፈጨ የኒም ፍሬ ዘይት ቢጨመርበት፣ በቀን ምን ያህሉ እንደሚወጣም ቢለካ፣ አንድ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚያ ሊነሣ ይችላል።